በፈረንሳይ ገጠር የመጀመሪያውን ጸደይ ሲያሳልፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዶርዶኝ ወይም በክረዝ ገጠር የብርዱን ወራት ከማገዶ ምድጃ አጠገብ ያሳለፈ አዲስ ነዋሪ፣ በማርች ማብቂያ ፀሐይ ደመቅ ስትል የዓመቱን ሥራ በአንድ ቅዳሜ ሊጨርስ ይነሳል። ቲማቲም ይተክላል፣ አጥር ይከረክማል፣ የከረከመውን ያቃጥላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ አገር እያንዳንዱ የጸደይ ሥራ ቀን አለው፤ ቀኑን የሚያውቁት ደግሞ ጎረቤትዎና የመንደሩ ማዘጋጃ ቤት ናቸው።

የኤፕሪልን ፀሐይ ማመን

ከሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ኤፕሪል ሲገባ በየገበያው የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ተሸጠ ማለት ግን የሚተከልበት ጊዜ ደረሰ ማለት አይደለም። የገጠሩ ሰው የሚጠብቀው «የበረዶ ቅዱሳን» የሚላቸውን የማሜርን፣ የፓንክራስንና የሴርቬን ቀናት ነው፤ ሜይ 11፣ 12 እና 13። እነርሱ ሳያልፉ ብርድ የሚፈራ ተክል ከቤት አይወጣም።

ይህን ተረት ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው የ2021ን ኤፕሪል ያስታውስ። በማርች ማብቂያ ሙቀቱ በብዙ ቦታ ከ25 ዲግሪ አለፈ፤ የወይኑና የፍራፍሬው እምቡጥ ያለጊዜው ፈካ። ሳምንት ሳይሞላ ከባድ ውርጭ ወረደ። ገበሬዎች በወይን ማሳቸው መካከል እሳትና ትላልቅ ሻማዎች እያነደዱ ቢያድሩም፣ ከቦርዶ እስከ ቡርጎኝና እስከ ሮን ሸለቆ ብዙው ምርት ጠፋ። ዕድሜ ልኩን በዚያ መሬት የኖረ ገበሬ ያልመከተውን ውርጭ የእርስዎ ችግኝ አይቋቋመውም።

በዚያ ወቅት ሽንኩርት፣ አተርና ሰላጣ ይትከሉ፤ እነዚህ ብርዱን ይችሉታል። ቲማቲሙን ቀድመው ከገዙት መስኮት አጠገብ ያቆዩት፤ ቀን ቀን ደጅ እያወጡ ከነፋሱ ያለማምዱት፣ ሲመሽ ያስገቡት። ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ምልክቱን አይስተውም፤ እንደ ደብረ ብርሃን ሁሉ እዚህም አደገኛው ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ የቆመበት ነው።

አጥር በጸደይ መከርከም፣ ቅርንጫፍ ማቃጠል

የቁጥቋጦ አጥር ቅጠል ሲያወጣ ወፎች ውስጡ ጎጆ ይሠራሉ። ከአውሮፓ ኅብረት ድጎማ የሚቀበሉ ገበሬዎች ከማርች 16 እስከ ኦገስት 15 አጥር እንዳይቆርጡ ተከልክለዋል። ለግለሰብ ይህን የመሰለ ጥቅል ክልከላ የለም፤ የተጠበቁ ወፎችን ጎጆ ማፍረስ ግን እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 150 ሺህ ዩሮ መቀጮ ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። በአትክልት ስፍራ የሚታዩት ትናንሽ ወፎች አብዛኞቹ ከተጠበቁት መካከል ናቸው። ስለዚህ መቀሱን እስከ ኦገስት ቢያስቀምጡት ይሻላል። በደቡብ የደን ቃጠሎ በሚያሰጋቸው አካባቢዎች ደግሞ ከደን በ200 ሜትር ክልል ውስጥ ያለ ቤት ባለቤት ዙሪያውን እስከ 50 ሜትር መመንጠር ግዴታው ነው፤ ይህም ቢሆን በብርዱ ወራት ቢሠራ መልካም ነው።

የተቆረጠውን ቅጠልና ቅርንጫፍ በግቢ ማቃጠል ክልክል ነው፤ መቀጮው እስከ 750 ዩሮ ይደርሳል። ጎረቤት ሲያቃጥል ማየትዎ ፈቃድ አይሆንም። «ደሼትሪ» ወደሚባለው የወረዳው ቆሻሻ መቀበያ ይውሰዱት፣ ወይም ፈጭተው የአትክልቱን ሥር ያልብሱበት።

የሳር ማጨጃ ማሽንም ሰዓት አለው። በብዙ አካባቢዎች በምሳ ሰዓትና እሑድ ከሰዓት በኋላ ማሽን ማስጮህ በመመሪያ ተከልክሏል። ትክክለኛውን ሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ ይነግርዎታል።

ለፋሲካ በግ ገዝቶ በግቢ ማረድ

የእኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ዘግየት ብሎ፣ በጎቹ በመስኩ ላይ በተሰማሩበት ወቅት ይውላል። ከገበሬ በግ ገዝቶ በግቢ ማረድ እንደ ልማዳችን ቀላል ይመስላል፤ ሕጉ ግን በቤት ማረድን የሚፈቅደው እንስሳውን ራሱ ላረባና ሥጋውን ለቤተሰቡ ብቻ ለሚያውል ሰው ነው። ገዝቶ ማረድ አይቻልም፤ እርዱ በቄራ መፈጸም አለበት። መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። በሁዳዴ አጋማሽ የሰፈሩን ሉካንዳ አነጋግረው ሙሉ በግ ይዘዙ፤ ብዙዎቹ በደስታ ያዘጋጃሉ። ዱለት ያሰቡ ከሆነ ጉበቱንና ጨጓራውን አብረው ይዘዙ፤ ካልጠየቁ አያስቀምጡልዎትም።

የዱር ቅጠልን በማሽተት ብቻ ለይቶ መልቀም

እባክዎ ይህን በጥንቃቄ ያንብቡት። በማርችና በኤፕሪል በእርጥብ ጫካ ውስጥ «አይ ዴ ዙርስ» የሚባል፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ቅጠል ይበቅላል፤ ፈረንሳዮቹ ይወዱታል። ከእርሱ ጋር የሚመሳሰሉ ሁለት መርዛማ ተክሎች አሉ፦ በሜይ 1 ሰው ለሰው የሚሰጣጣው ሙጌ አበባና ኮልሺክ። ኮልሺክ ሰው ይገድላል፤ መርዙ ቢቀቀልም አይጠፋም። ብዙ ሰው ቅጠሉን አሽትቶ እለያለሁ ይላል። ጥቂት ቅጠሎች እንደ ለቀሙ ግን ጣትዎ ራሱ ነጭ ሽንኩርት መሽተት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ መርዛማውም በእጅዎ ሲይዙት ያው ይሸትዎታል። ልዩነቱን ከሥሩ ይመልከቱ፦ የሚበላው እያንዳንዱ ቅጠል በራሱ ቀጭን ዘንግ ከመሬት ይወጣል፤ ሙጌ ሁለት ቅጠል በአንድ ግንድ ላይ ያቅፋል፤ ኮልሺክ ዘንግ የለውም። ከአንድ ቦታ በጅምላ አጭደው አይውሰዱ፤ አንድ በአንድ እያዩ ይልቀሙ። ከበሉ በኋላ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከመጣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ስልክ 15 ይደውሉ።

ከጫካ ሲመለሱ ደግሞ ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብትና ከልጆች ጆሮ ኋላ መዥገር ይፈልጉ። ዘይት ወይም አልኮል አያፍስሱበት፤ ፋርማሲ በሚሸጠው ትንሽ መንቀያ በቀስታ ያውጡት፣ ቦታውን ያጽዱና ለአንድ ወር ይከታተሉት። እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ካዩ፣ «ላይም» የሚባለው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

በአውራ ዶሮ መማረር

መስኮት መከፈት ሲጀምር የመንደሩ ድምፅ ሁሉ ይገባል። በኦሌሮን ደሴት ሞሪስ የተባለ አውራ ዶሮ ማለዳ ይጮኻል ተብሎ ተከሶ ነበር፤ በ2019 የሮሽፎር ፍርድ ቤት ለዶሮው ባለቤት ፈርዶ ከሳሾቹ 1,000 ዩሮ ካሳ እንዲከፍሉ አዘዘ። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ የገጠር ድምፅና ሽታ የአገሪቱ ቅርስ መሆኑ በሕግ ተደነገገ። ይልቅ በመንገድ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ይበሉ፤ ችግር ሲመጣ የሚሰማዎት ሰላም ያሉት ጎረቤት ነው።

የገቢ ማስታወቂያውን ለነገ ማለት

በፈረንሳይ የሚኖር ሰው ያለፈውን ዓመት ገቢ የሚያስታውቀው ከኤፕሪል ጀምሮ ነው፤ በኢንተርኔት ለሚሞላ የመጨረሻው ቀን እንደ አውራጃው ከሜይ ማብቂያ እስከ ጁን መጀመሪያ ይለያያል። ገቢ የለኝም ብለው አይተዉት፤ በምላሹ የሚመጣው ወረቀት ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለቤት ኪራይና ለልጆች የትምህርት ቤት ምሳ ይጠየቃል። በውጭ አገር ያለ የባንክ ሂሳብ ሁሉ፣ በኢትዮጵያ ያለውም ጭምር፣ በቅጽ 3916 ይገለጻል፤ ያልተገለጸ አንድ ሂሳብ 1,500 ዩሮ ያስቀጣል። ቅጹ ከከበደዎ በአቅራቢያዎ ያለው ፍራንስ ሰርቪስ ጽሕፈት ቤት በነፃ ያግዝዎታል። ሜይ 1፣ ሜይ 8፣ የዕርገት ሐሙስና የጰራቅሊጦስ ሰኞ ዝግ ስለሆኑ፣ ብዙ ሠራተኛም በመካከል ያለውን ዓርብ ስለሚያርፍ፣ ቀጠሮውን በኤፕሪል ይያዙ።