ውሻዎ ላይ ያገኙትን እብጠት በትክክል እንዴት ያስመረምራሉ?

የውሻን እብጠት በጣቱ ዳብሶ «ስብ ነው፤ ተዉት» የሚል ሐኪም ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ችግሩ ልክ ያልሆነበትን ጊዜ ከሌላው ለይቶ ማወቂያ አለመኖሩ ነው። ሊፖማ የሚባለው ጉዳት የሌለው የስብ እብጠት ለስላሳ ነው፤ ከቆዳው ሥር ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ማስት ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰርም እንዲሁ ለስላሳና ተንሸራታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን በጣት ብቻ በእርግጠኝነት የሚለይ ሰው የለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ውሻ ሲያክም የኖረም ቢሆን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፦ ከእብጠቱ ውስጥ ጥቂት ሴሎች በመርፌ ወጥተው በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ ማድረግ።

1. መላ አካሉን ይዳብሱ

ውሻው ደክሞት በተኛበት ሰዓት ከአገጩ ሥር ይጀምሩ። አንገቱን፣ ከትከሻው ፊት ለፊት ያለውን ቦታ፣ ብብቱን፣ የጎድን አጥንቱን፣ ጡቶቹን፣ ብሽሽቱን፣ የኋላ ጉልበቱን ጀርባ፣ የጅራቱን ሥር በሁለት እጅ ይፈትሹ። ሁለት እጅ የሚያስፈልገው ግራና ቀኙን ለማነጻጸር ነው። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል።

በከንቱ የሚያስደነግጡ ነገሮች አሉ። ወንድ ውሻም የጡት ጫፍ አለው፤ መዥገር መስሏቸው በወረንጦ የሚጎትቱ ሰዎች አሉ። ፀጉሩን ገልጠው ቢያዩ መዥገር እግር አለው፤ የጡት ጫፍ ደግሞ ትይዩው ላይ መሰሉ አለ። በደረት አጥንቱ መጨረሻ፣ ሆድ በሚጀምርበት ቦታ የሚዳሰሰው ሹል ነገር የተፈጥሮ አጥንቱ ጫፍ ነው። ወንድ ውሻ ሲነቃቃ ከብልቱ ሥር ግራና ቀኝ የሚያብጡት ሁለት ክብ ነገሮችም በሽታ አይደሉም፤ ጋብ ሲል ይጠፋሉ። በመዳፉና በጣቶቹ መካከል መሐሉ ጥቁር ነጥብ የሆነ ነጭ እብጠት ካዩ ደግሞ ሙጀሌን ይጠርጥሩ።

2. ይለኩ፣ ይጻፉ፣ ምልክት ያድርጉ

ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ፤ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉ። ከዚያ በእብጠቱ ላይ ያለውን ፀጉር በመቀስ ትንሽ ያሳጥሩ። ተኝቶ ሳለ በግልጽ የዳሰሱት እብጠት ውሻው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሲወጣጠር ድራሹ ይጠፋል፤ ሐኪሙም «ምንም የለም» ብሎ ሊሸኝዎ ይችላል።

ብዙ የእንስሳት ካንሰር ሐኪሞች የሚሠሩበት መለኪያ ቀላል ነው፦ 1 ሴንቲ ሜትር የደረሰና 1 ወር የቆየ እብጠት መርፌ ይገባዋል። ወሩን መጠበቅ የሌለብዎት በፍጥነት የሚያድግ፣ የሚደማ፣ ቆስሎ አልድን ያለ፣ ወይም እግሩ አጥንት ላይ ወጥቶ እንዲያነክስ የሚያደርገው ሲሆን ነው። ከአገጩ ሥርም ሆነ ከጉልበቱ ጀርባ ግራና ቀኝ እኩል ያበጠና የማያመው ንፍፊትም ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም፤ ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር አንዱ መልኩ ይህ ነው። በተቃራኒው ከሌላ ውሻ ጋር ተናክሶ በቀናት ውስጥ የወጣ፣ ትኩስና ሲነኩት የሚያመው እብጠት ብዙውን ጊዜ መግል የቋጠረ ነው። እሱም ሐኪም ይፈልጋል፤ ቢያንስ ግን እንቅልፍ አይነሳም።

3. አይጭመቁት፤ ሳይመረመርም መድኃኒት አያስወጉ

አመድ፣ ፌጦ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ በፈረስ ጭራ ማሰር፦ ሁሉም ይቅር። ማስት ሴሎች ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ቋጥረው የያዙ ናቸው፤ ሲታሹ ይለቁታል። ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፤ ከበዛም ውሻው ያስመልሳል፣ ተዝለፍልፎ ሊወድቅም ይችላል። በዚሁ ምክንያት እንዲህ ያለው ዕጢ አንድ ሳምንት አብጦ በሚቀጥለው ሊሟሽሽ ይችላል። እብጠቱ ቀነሰ ማለት አደገኛ አይደለም ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ዴክሳሜታዞን የሚባለው የስቴሮይድ መርፌ ነው። አንድ ባለሙያ ቤታችን መጥቶ የውሻችንን የአገጭ ሥር እብጠት ከአጥር በር ላይ ቆሞ አየና ወዲያው ወጋው። እብጠቱ ባጭር ጊዜ ጎደለ፤ ቤተሰቡም ተደሰተ። ከዚያ ተመልሶ መጣ፤ ናሙና ሲወሰድም ውጤቱ የማያሻማ መሆን አልቻለም። ዴክሳሜታዞንና ዘመዱ ፕሬድኒሶሎን ሊምፎማንና የማስት ሴልን ዕጢ ለጊዜው ያኮማትራሉ፤ የሚታየውን የሴል ገጽታ ያዛባሉ፤ ሊምፎማ ከሆነ ደግሞ በኋላ የሚሰጠውን ሕክምና ያደክማሉ። መርፌ ተይዞ ሲቀረብ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። መልሱ ከሁለቱ አንዱ ከሆነ፣ ውሻው መተንፈስ አቅቶት ካልሆነ በቀር፣ «መጀመሪያ ናሙና ይወሰድልኝ» ይበሉ።

4. ክሊኒኩን በስልክ ይፈትኑ

ስለ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ከእብጠት በመርፌ ናሙና ትወስዳላችሁ?» እና «ስላይዱን (ናሙናው የሚቀባበትን መስታወት) በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ማነው?» ለሁለተኛው መልስ የሌለው ክሊኒክ ለክትባት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ሌላ ይፈልጉ። አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ከማስተማሪያ ሆስፒታል ጋር። ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳም የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሳይደውሉ አይሂዱ።

ታክሲ ውሻ አይጭንም፤ ግቢ ሲጠብቅ የኖረ ውሻም መኪና ውስጥ መግባቱን በዋዛ አይቀበልም። መፍትሔው ሐኪሙን ቤት ጠርቶ ናሙናውን ግቢ ውስጥ ማስወሰድ ነው። ውሻው የማይደርስበት ቦታ ስላይዱ ይደርሳል።

5. አፉን ማሰር

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱን ያዘጋጁ፤ የሚነካውም ሰው ይህን የማወቅ መብት አለው። ማሰሪያ ከሌለ ሰፋ ያለ ፋሻ ይበቃል፦ አፍንጫው ላይ አንድ ዙር፣ ከአገጩ ሥር አጣምሮ፣ ከጆሮው ኋላ በቀላሉ የሚፈታ ቋጠሮ። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ስለሆነ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይበት። የሚያስመልስ፣ መተንፈስ የከበደው ወይም አፍንጫው ድፍጥ ያለ ውሻ በፋሻ አይታሰርም። ራሱን የሚይዘው የሚያውቀው ሰው ይሁን፤ የሚፈራው ሰው ሳይሆን የሚወደው።

6. መርፌው

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያመነታል። «ካንሰር ብረት ሲነካው ይባባሳል» የሚለውን ሰምተን ያደግን ነን። ለቆዳና ከቆዳ ሥር ላሉ እብጠቶች ይህ ሥጋት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በመርፌ መንገድ ዕጢ ሊዘራ ስለሚችል ሐኪሞች የሚጠነቀቁለት ዋናው ቦታ የሽንት ፊኛ ነው።

መርፌው ለክትባት ከሚውለው ብዙም አይለይም። ብዙ ጊዜ ቁጥር 22 ወይም 23 ሲሆን 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሰካበታል። ማደንዘዣ በአብዛኛው አያስፈልግም። ወፍራም መርፌ የበለጠ ናሙና የሚያመጣ ይመስላል፤ የሚያመጣው ግን ደም ነው። ሐኪሙ እብጠቱን እንዳያመልጥ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይይዝና መርፌውን አስገብቶ፣ ሳያወጣው፣ አቅጣጫውን ደጋግሞ ይቀያይራል። በሲሪንጁ እየሳበ ከሆነ መርፌው ከመውጣቱ በፊት መሳቡን መልቀቅ አለበት፤ አለዚያ መርፌው ውስጥ የነበረችው ጥቂት ናሙና ወደ ሲሪንጁ ተስባ ትቀራለች።

ሲሪንጁ ባዶ ሆኖ ሲወጣ «ምንም አልመጣም» ብለው አይዘኑ። የሚፈለገው መርፌው ውስጥ ያለው ነው። መርፌው ይነቀላል፤ ሲሪንጁ አየር ይስባል፤ መርፌው ተመልሶ ይሰካና ናሙናው በመስታወቱ ስላይድ ላይ ይተፋል። ከዚያ ሌላ ስላይድ በላዩ ይጋደማል፤ ሳይጫኑ በአንድ እንቅስቃሴ ይሳባል። ብዙ ናሙና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከተጫኑት ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ ወፍራም ሆኖ ከቀረ ማቅለሚያው አይዘልቀውም። ስላይዱ ወዲያው በአየር ይድረቅ። የውሻው ስምና የእብጠቱ ቦታ በእርሳስ ይጻፍበት፤ ስክሪብቶ በአልኮል ሲታጠብ ይጠፋል። አንድ ስላይድ አይበቃም፤ ሦስት አራት ይሠራ። እብጠቶቹ ብዙ ከሆኑ እያንዳንዱ የራሱ መርፌና የራሱ ስላይድ ይኑረው፤ የአንዱ ስብ መሆን ስለ ጎረቤቱ ምንም አይናገርም።

ስብ ከሆነ ስላይዱ ላይ የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች ያያሉ፤ አይደርቁም። ደስ ይበልዎ፤ ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ሳይታይ አይለፍ። መርፌው እብጠቱን ስቶ አጠገቡ ያለውን ስብ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ጠንካራ እብጠት «ስብ ነው» የሚል ውጤት ከመጣለት ይደገም። «ደም ብቻ ነው ያገኘነው» የሚለውም «ደህና ነው» ማለት አይደለም፤ ናሙናው አልተገኘም ማለት ነው።

7. ውጤቱን ይዞ መወሰን

ሊፖማ ከሆነ እየለኩ መተው ይቻላል፤ መራመድ ካልከለከለው በቀር ማስቆረጥ ግድ አይደለም። ማስት ሴል ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ከዕጢው ዙሪያ 2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ የሚያነሳ መሆን ስላለበት ከመርፌው በፊት «ቶሎ እንቁረጠው» የሚል ችኮላ ዕዳ ነው።

በብልቱ ላይ፣ አንዳንዴም በአፍንጫው ውስጥ የሚወጣ፣ ቀይ፣ የሚፈረፈርና የሚደማ እብጠት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ልቅ ውሾች በበዙበት ከተማ የተለመደ ሲሆን በስሪያና በመላላስ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ራሱ የካንሰሩ ሕያው ሴል ነው። አስፈሪ ይመስላል፤ ከውሻ ካንሰሮች ሁሉ ግን በመድኃኒት በደንብ ከሚድኑት አንዱ ነው። ቪንክሪስቲን በየሳምንቱ ለጥቂት ሳምንታት በደም ሥር ሲሰጥ አብዛኞቹ ይድናሉ። ከደም ሥሩ ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ስለሚያቃጥል ለጀማሪ እጅ አይሰጥም። ውሻውም በዚህ ምክንያት ከቤት አይባረር፤ ከተባረረ ሰፈሩን ይበክላል።

የሴት ውሻ የጡት እብጠት ላይ መርፌው ያን ያህል አይረዳም፤ አደገኛውን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። ከእነዚህ እብጠቶች ግማሽ ያህሉ አደገኛ ስለሚሆኑ፣ ደረቷ በራጅ ከታየ በኋላ ተቆርጦ ቢመረመር ይሻላል። ለቡችላዎ ገና ጊዜ ካለ ወንድ መፈለግ ከመጀመሯ በፊት ማምከን ይህን በሽታ በእጅጉ ይቀንሳል።

8. የተቆረጠው አይጣል

ከቀዶ ሕክምና በኋላ እብጠቱ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከገባ ግማሹ ሥራ አብሮ ተጣለ። አስቀድመው ይነጋገሩ። አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ፣ በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ የፎርማሊኑ መጠን የሥጋውን 10 እጥፍ ሆኖ ይቀመጥ፤ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ አይግባ። ስላይዶችና ፎርማሊን በአንድ ከረጢት አይላኩ፤ የፎርማሊን ትነት ስላይዱን ያበላሻል።

የፓቶሎጂ ባለሙያው ውጤት በጽሑፍ ይምጣ። የዕጢውን ስም ብቻ አይተው አይለፉት፤ የተቆረጠው ሥጋ ጠርዝ ከዕጢው ሴል ንጹሕ መሆን አለመሆኑ ተጽፎ እንደሆነ ያረጋግጡ። ንጹሕ ካልሆነ እብጠቱ ተመልሶ እስኪታይ ሳይጠብቁ፣ ጠባሳው ገና ትኩስ ሳለ፣ ስለ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።