ሲነሳ የሚታፈን፣ መሐል መንገድ ላይ የሚደክም፦ ባለ ካርቡሬተር ድራግ መኪና የነዳጅ ችግርና መፍትሄ

ድራግ መኪና (በአጭርና ቀጥ ባለ መንገድ የሚወዳደር) ሲታፈን ወይም ሲደክም፣ ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጁን የሚመጥን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ከመቀየራችሁ በፊት የነዳጁን ግፊት እዩ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ማሳየቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ያን ጊዜ የሚጠጣው ነዳጅ ኢምንት ነው። ግፊቱ መታየት ያለበት ሙሉ ጋዝ ተረግጦ፣ በመጨረሻው ማርሽ ላይ ነው። ሴንሰሩን ካርቡሬተሩ መግቢያ አጠገብ ግጠሙ፣ ጌጁን በትንሽ ካሜራ ቅረጹ። ጌጁ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይሁን፤ ቤንዚን የያዘ ቱቦ ጋቢና ውስጥ በፍጹም አይግባ።

ምልክት፦ አነሳሱ ጥሩ ነው፣ ከአጋማሽ በኋላ ጉልበቱ ይወርዳል፣ በካርቡሬተሩ በኩል ይተኩሳል

ምክንያት፦ የካርቡሬተሩ ቋት (ነዳጁ የሚጠራቀምበት ክፍል) ከሚሞላበት ፍጥነት ይልቅ የሚጎድልበት ፍጥነት በልጧል። በቤንዚን የሚሠራ የውድድር ሞተር ለ1 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.23 ኪሎ ግራም ያህል ይፈልጋል። 600 የፈረስ ጉልበት ካለው በደቂቃ 3 ሊትር ገደማ ማለት ነው፤ መጠባበቂያ ጨምራችሁ 4 ሊትር ያዙ። ሜታኖል ከሆነ ከእጥፍ በላይ ነው።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ለኩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ሆኖ፣ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ፈትታችሁ ወደ ጀሪካን አዙሩት። ጫፉ ክፍት ከሆነ ግን ልኬቱ ያታልላል፤ የሚቋቋመው ነገር ስለሌለ ደካማ ፓምፕም ብዙ ያፈሳል። ጫፉ ላይ ቫልቭ አስገቡና ጌጁ 5 ፒኤስአይ እስኪያሳይ ጥበቡት፣ ከዚያ ሰዓት ያዙ። 1 ሊትር በ15 ሰከንድ ውስጥ መሙላት አለበት።

ካልሞላ ፓምፑን ለመግዛት አትቸኩሉ። ፓምፑ እየሠራ ቮልቴጁን በራሱ ተርሚናሎች ላይ ለኩ። ከባትሪው ከ0.5 ቮልት በላይ ካነሰ ጥፋቱ የሽቦው ነው፤ በሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ሳቡለት፣ መሬቱንም (ኔጋቲቩን) እንዲሁ። ቀጥሎ የታንከሩን ክዳን ክፈቱ፦ ግፊቱ ከተመለሰ መተንፈሻው ተደፍኗል ወይም ጠቧል። ከዚያ ፊልትሮውን እዩ። ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ከፓምፑ በፊት ባለ 100 ማይክሮን ፊልትሮ፣ ደቃቁን ከፓምፑ በኋላ አድርጉ። የመሳቢያው ቱቦ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር፣ የመግፊያው 13 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በ90 ዲግሪ የሚታጠፉ መጋጠሚያዎችንም ቀንሱ።

ጌጁ እስከ መጨረሻው ከ5 ፒኤስአይ ሳይወርድ ሞተሩ ነዳጅ ካጠረው፣ ማነቆው ከጌጁ ወዲያ ነው። መግቢያው ውስጥ የተደበቀች ትንሽ የነሐስ ፊልትሮ ካለች አውጧት፣ የመርፌውን (ወደ ቋቱ የሚገባውን ነዳጅ የሚከፍትና የሚዘጋውን) መቀመጫም 2.8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ቀይሩ።

ምልክት፦ ልክ ሲነሳ ይታፈናል፣ ጌጁም ያን ቅጽበት ይወድቃል

ምክንያት፦ መኪናው ወደፊት ሲወረወር ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ኋላ ይገፋል። 3 ሜትር ቱቦ በ1 ጂ (የመሬት ስበትን ያህል) ፍጥነት ጭማሪ ብቻውን 3.2 ፒኤስአይ ይበላል፣ በ2 ጂ 6.3። ከኋላ 7 ፒኤስአይ ብቻ የሚልክ ፓምፕ ፊት የሚያደርሰው ምንም አይተርፈውም።

መፍትሄ፦ ፓምፑ ከታንከሩ ዝቅ ብሎ ይቀመጥና 14 ፒኤስአይ ይላክ፤ ወደ 7 የሚያወርደው ሬጉሌተር ከፊት፣ ካርቡሬተሩ አጠገብ ይሁን። ተቃራኒውን፣ ሬጉሌተሩን ከኋላ ማድረግ፣ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የታንከሩ መውጫ ከኋላ በኩል መሆኑንም አረጋግጡ፤ መኪናው ሲነሳ ነዳጁ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ጌጁ ሳይወድቅ ከታፈነስ? ካርቡሬተሩ ከፊትና ከኋላ ቋት ካለው የኋለኛውን አስቡ። ነዳጁ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጂግለሮቹ ከፊት ባለው ግድግዳ ላይ በአየር ይቀራሉ። ለኋለኛዎቹ ጂግለሮች ማራዘሚያ ቱቦ ግጠሙ፤ ተንሳፋፊውም (በነዳጁ ከፍታ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው) እንዳይነካቸው ቦታ የተቆረጠለት ይሁን።

ምልክት፦ ቤንዚን በካርቡሬተሩ መተንፈሻ ይፈስሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል

ግፊቱ ከ8 ፒኤስአይ ካለፈ መርፌው መዝጋት ያቅተዋል፤ ወደ 6.5 አውርዱት። ግፊቱ ልክ ከሆነ መርፌውን ነቅላችሁ ጫፉን በጥፍር ዳብሱ። ቀለበት የመሰለ ጭረት ከተሰማችሁ መርፌውንና መቀመጫውን አብራችሁ ቀይሩ፣ ከዚያ የተንሳፋፊውን ከፍታ እንደገና አስተካክሉ።