ድዳችሁ ሲደማ ብሩሹን አታሽሹ

የተፋችሁት የሳሙና አረፋ ሮዝ ከመሰለ ድዳችሁ እየደማ ነው። ብዙዎቻችን ታዲያ የደማውን ቦታ ዘለን እንቦርሻለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ድድ የሚደማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ስር የተጋገረው ባክቴሪያ ስላስቆጣው ነውና ስንዘለው ይብስበታል።

ከአፍ አያልፍም ብላችሁም አትናቁት። የተቆጣ ድድ እንደ ክፍት ቁስል ነው፤ ስናኝክም ስንቦርሽም ባክቴሪያው ወደ ደም ይገባል፣ የደም ስር ውስጠኛ ግድግዳም አብሮ ሲቆጣ እንደልቡ መለጠጥ ያቅተዋል። በልብ ደም ስር ውስጥ በተጋገረ ስብ ላይ የድድ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ተገኝቷል። ግን አናጋንን፦ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 የድድና የልብ በሽታ አብረው እንደሚታዩ፣ አንዱ ሌላውን ያመጣል ለማለት ግን ማስረጃው እንደማይበቃ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ደግሞ ከባድ የድድ በሽታ በደንብ ሲታከም ከ6 ወር በኋላ የደም ስር የመለጠጥ አቅም እንደተሻሻለ አሳይቷል። ለእኔ ይሄ ይበቃኛል።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ለስላሳ ብሩሽ ያዙ። ጸጉሩን ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ 45 ዲግሪ አጋድማችሁ በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅሱት እንጂ እንደ ወለል አትፈትጉት። በቀን 2 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ። ሰዓት ያዙ፣ 2 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ይረዝማል። በጥርሶች መሃል ብሩሽ ስለማይደርስ የጥርስ ክር ያስፈልጋል፦ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡት፣ አንዱን ጥርስ እንዲያቅፍ አጠፍ አድርጉትና ወደ ላይና ወደ ታች ጥረጉ፣ ከዚያ ጎረቤቱን። መጀመሪያ ሰሞን ይደማል፣ አትደንግጡ።

2 ሳምንት ሞክራችሁ ካልቆመ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጥርስ ላይ ደንድኖ ድንጋይ የሆነውን ቆሻሻ ብሩሽ አያነሳውም፣ ጥርሱ በሐኪም መታጠቡ ግድ ነው። ሐኪሙ በቀጭን ዘንግ ድዱ ከጥርሱ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል፤ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው፣ ከ4 ጀምሮ ግን ምን እንደሚደረግ ጠይቁት።

አጫሾች ድዳችሁ ስላልደማ አትዘናጉ፤ ሲጋራ የድዱን ደም ስሮች ስለሚያጠብ በሽታው ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የምትወስዱም፣ መድኃኒቱ ራሱ አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣል፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ እንጂ በራሳችሁ እንዳታቆሙት። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱና ሰው ሰራሽ የልብ ቫልቭ ያላችሁ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ተናገሩ።