የመኪና ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ፊልትሮውን፣ ጎሚኒውንና ድራየሩን እንዴት መቀየር እንደሚገባ

ከለገጣፎ፣ ከሰበታ ወይም ከኮዬ ፈጬ በአቧራማ መንገድ የሚመላለስ መኪና ኤሲው ሲደክም፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ጋዝ ለማስሞላት ይቸኩላል። ጋዙ ግን እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ ያመለጠበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ያም በቅድሚያ ሊገኝ ይገባል።

ከኤሲው የሚወጣው ነፋስ ራሱ ከደከመ፣ ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር ከሚያጣራው ከካቢን ፊልትሮው ይጀምሩ። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ከሾፌሩ ጎን ባለው መቀመጫ ፊት ከሚገኘው የዳሽቦርድ ኪስ ጀርባ ነው። ኪሱን ባዶ አድርገው ያውርዱት፣ ክዳኑን ከፍተው አሮጌውን ይሳቡ፣ አዲሱንም በላዩ ያለውን ቀስት ተከትለው ያስገቡ።

ነፋሱ በርትቶ ቅዝቃዜ ከሌለ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ኮፈኑን ከፍተው የኤሲ ቱቦዎቹን መጋጠሚያዎች በባትሪ ብርሃን ይመርምሩ። ጋዙን አምቆ የሚገፋው የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር የሚያፈስ መጋጠሚያ ይወዛል፤ አቧራው እዚያ ላይ ተለጥፎ ጣትን የሚያሙለጨልጭ ጥቁር እድፍ ይሆናል። ሞተር ማሳጠብ ይህን ምልክት ስለሚያጠፋው ምርመራው ይቅደም።

ከዚህ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። በብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው አር-134ኤ ጋዝ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላ፣ ሲያመልጥ ቆዳንና ዓይንን በቅዝቃዜው ይጎዳል። ባለሙያው ቀሪውን ጋዝ በማሽን ሰብስቦ፣ ለኤሲ የተሠራ አዲስ ጎሚኒ (የመጋጠሚያውን የጎማ ቀለበት) በኮምፕረሰር ዘይት አርሶ ይገጥማል። ቱቦው አንዴ ከተከፈተ፣ ከጋዙ ውስጥ እርጥበት የሚያስቀረው ድራየርም እንዲቀየር አጥብቀው ይጠይቁ፤ ውስጡ ያለው እርጥበት መጣጭ አየር ካገኘው በፍጥነት ይሞላል፣ የቀረው እርጥበትም ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል።

ቀጥሎ አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይሳባል። በባሕር ጠለል ላይ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ሲጠጋ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከፍታ የአየሩ ግፊት ራሱ አነስተኛ በመሆኑ ከ23 አካባቢ አያልፍም፤ ስለዚህ መርፌው 29 አልደረሰም ተብሎ ደህናው ፓምፕ ሊወቀስ አይገባም። ወሳኙ ነገር ፓምፑ ከጠፋ በኋላ መርፌው ባለበት መቆየቱ ነው፤ ወደ ዜሮ መመለስ ከጀመረ አሁንም የሚያፈስ መጋጠሚያ አለና ጋዝ አይሞላ።

ጋዙ የሚሞላው በግምት ወይም አየር መውጫውን በእጅ በመዳሰስ ሳይሆን በሚዛን ነው። የሚያስፈልገው ግራም ብዙውን ጊዜ ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ጽሑፉ ሳይደበዝዝ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት።