ሪሶርስ ፑል ፎልደር አይደለም
ባሕር ዳር ሰርቨር ለምታስተዳድሩ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቪስፊር (የቪኤምዌር የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ) ላይ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ራሳቸውን የቻሉ ኮምፒውተሮች የሚሠሩትን፣ ለመለየት ብቻ ብላችሁ ሪሶርስ ፑል (ሲፒዩና ሜሞሪ ለማሽኖች በቡድን የሚመደብበት) አትክፈቱ። ለእሱ ፎልደር አለ።

ለምን መሰላችሁ? ሼር (ሲፒዩ ሲጣበብ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚወስነው የድርሻ ቁጥር) መጀመሪያ የሚሰጠው ለፑሉ ነው፤ ከዚያ ውስጡ ላሉት ይከፋፈላል። የዋናው ሥራ ፑል «ሃይ» ተብሎ 8000 የሲፒዩ ሼር ይዟል እንበል፤ ውስጡ 20 ማሽን አለ። የሙከራው «ኖርማል» ነው፣ 4000፤ ውስጡ 2 ብቻ። ማሽኖቹ እኩል ከሆኑ ለዋናው ሥራ ለእያንዳንዱ 400፣ ለሙከራው ግን 2000 ይደርሳል! ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ ሳሰላው በጣም ነው የደነገጥኩት።

ሼር የሚሠራው ሲፒዩ ሲጣበብ ብቻ ስለሆነ በደህናው ቀን ችግሩ አይታይም። ማሽን በጨመራችሁ ቁጥር የፑሉን ሼር እንደገና አስሉት።