ስኪመሩ ገነፈለ? ቫልቩን ከመንካታችሁ በፊት ውሃውን እዩ

ጅማ ላይ "ቤቴ የባሕር ዓሣ አለ" ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። "ባሕሩን ከየት አመጣኸው?" ይላል። ባሕሩ የሚሠራው ባልዲ ውስጥ ነው። ንጹሕ ውሃና የአኳሪየም ጨው፣ በሊትር 35 ግራም ገደማ። እሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከገንዳው ሥር፣ ሳምፑ (የገንዳው ውሃ እየወረደ የሚመለስበት ሁለተኛ ገንዳ) ውስጥ ቆሞ የሚንሾካሾከው ፕሮቲን ስኪመር ነው።

ሥራው ግን ቀላል ነው። ፓምፑ አየርና ውሃን አንድ ላይ ይመታል፤ በጣም ጥቃቅን አረፋ ይፈጠራል። የዓሣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ ፕሮቲን አረፋው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በስኪመሩ አንገት ወጥቶ አናቱ ላይ ያለው ኩባያ ውስጥ ይወድቃል። ማለትም ቆሻሻው በስብሶ ዓሣ የሚመርዝ አሞኒያ ከመሆኑ በፊት ተለቀመ ማለት ነው።

ጅማ ስለሆንን በቡና እንነጋገር። ኩባያው ውስጥ ያለው አቦል የመሰለ፣ ጥቁርና ወፍራም ከሆነ ስኪመሩ ደረቅ አድርጎ ነው የሚሠራው። በረካ ከመሰለ ደግሞ ብዙ ደህና ውሃም አብሮ እየወጣ ነው። እኔ ቶናው ይስማማኛል። የዓሣ ብዛት ሲጨምር ወደ በረካ ጠጋ ማድረግ ይሻላል፤ ብዙ ይለቅማላ።

ማስተካከያው ሁለት ነው። አንደኛው ስኪመሩ የቆመበት የውሃ ጥልቀት ነው። ብዙዎቹ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋሉ፤ የእናንተን ልክ ከመመሪያው እዩ። ሁለተኛው የመውጫ ቫልቩ ነው። ሲጠብ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ይላል፣ ሲላላ ዝቅ ይላል። የአየሩን ቧንቧ ሁሌም ሙሉ ክፍት ተዉት። ቫልቩን በጥቂቱ አዙራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። በየሰዓቱ የሚያዞር ሰው የትኛው ዙር ምን እንዳመጣ በጭራሽ አያውቅም።

ኩባያው በአንድ ሌሊት ሞልቶ ይገነፍላል

ስኪመሩ አዲስ ከሆነ አትደንግጡ። ፕላስቲኩ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት አለ። አንዳንዱ ለቀናት ውሃ ይተፋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አረፋ እምቢ ይላል። ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ስጡት። እስከዚያ ቫልቩን አላሉት። የኩባያው ማፍሰሻም ክፍት ሆኖ ውሃው ወደ ሳምፑ ይመለስ።

እስከ ትናንት ደህና ሲሠራ የነበረ ከሆነ ግን "ስኪመሩ ምን ሆነ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ትናንት ውሃው ውስጥ ምን ገባ?" በሉ። የእኔን ልንገራችሁ። አንድ እሑድ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ በደንብ ሳላለቀልቅ የወደቀ ድንጋይ ላነሳ ገንዳው ውስጥ ክንዴን ከተትኩ። ማታ ካቢኔው አጠገብ ያለው ምንጣፍ ራሰ። የውሃ ማከሚያ ፈሳሽ፣ የድንጋይ ማጣበቂያ፣ መድኃኒት፣ ገና በደንብ ያልሟሟ ጨው፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ። መፍትሄው ቫልቩን ሙሉ ከፍቶ፣ አክቲቭ ካርቦን (ቆሻሻ የሚመጥ ከሰል) ጨምሮ፣ የተወሰነ ውሃ ቀይሮ መጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይረጋጋል። መድኃኒት ከሆነ ግን ካርቦኑ መድኃኒቱንም ስለሚመጠው መጀመሪያ ሕክምናው ይለቅ።

ሌላው ምክንያት የእኛው የዘወትር ጉዳይ ነው፤ መብራት። መብራት ሲጠፋ የላይኛው ገንዳ ትርፍ ውሃ ወደ ሳምፑ ይወርዳል። ሳምፑ ከፍ ይላል። መብራት ሲመለስ ስኪመሩ ከልኩ በላይ ጠልቆ ይነሳና እንደ ጀበና ይገነፍላል። ዋናው ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ እስኪመልሰው ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ለዚህ ያገኘሁት ርካሽ መላ ለፍሪጅ የሚሸጠው መከላከያ ነው፤ መብራት ሲመጣ ቆይቶ የሚያበራው። ስኪመሩን ብቻ እሱ ላይ ሰኩት፣ ዋናውን ፓምፕ ግን ቀጥታ። መከላከያውን ከሳምፑ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ጨው ውሃና ኤሌክትሪክ አይዋደዱም።

ምንም አያወጣም፣ ኩባያው ደረቅ ነው

መጀመሪያ የሳምፑን ውሃ እዩ። በበጋ ትነት ይጨምራል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲወርድ አረፋው አንገቱ ላይ አይደርስም። ሳምፑ ላይ በፕላስተር መስመር አድርጉ፤ ውሃው ከመስመሩ ሲወርድ ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። የተነነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለም። የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ውሃ ለዚህ የሚያጓጓ ቢሆንም ተዉት፤ ከጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ የሚወርድ ዚንክ ሽሪምፕና ኮራል ይጎዳል። ሳምፑ ምንጊዜም ጥልቀቱ ከልክ በላይ ከሆነ ደግሞ ስኪመሩን የተገለበጠ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ አቁሙት። ብረት ግን አታስገቡ።

ውሃው ልክ ከሆነ የአየሩን ድምፅ ስሙ። የአየር ቧንቧው ጫፍ ላይ ጣታችሁን አድርጉ። መሳቡ ካልተሰማችሁ ጨው ደፍኖታል። ስኪመሩ እየሠራ በቧንቧው አንድ ሲኒ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ እንዲስብ አድርጉ፤ ጨው ይሟሟል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ሳይዘጋ አደርገዋለሁ።

ምግብ ከሰጣችሁ በኋላ አረፋው ድንገት ከጠፋ ግን ምንም አትንኩ። የምግቡ ቅባት አረፋውን አፍርሶታል፤ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። ቅቤ የነካ እጅም ያው ነው። ሳሙና ያስገነፍላል፣ ቅቤ አረፋውን ይገድላል። የአንገቱ ውስጥ ግድግዳም ሲቀባባ አረፋው አይወጣም። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ በለብ ያለ ውሃና በስፖንጅ ጥረጉት፤ ሳሙና እንዳይነካው።

የጨዉን መጠንም ለኩ። መለኪያው (ውሃው ከንጹሕ ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚያሳየው) 1.025 ወይም 1.026 ላይ ከሆነ ደህና ነው። ጨው የአረፋዎቹን መጋጠም ስለሚከለክል ነው ጥቃቅን ሆነው የሚቆዩት። ውሃው በቀጠነ ቁጥር አረፋው ይተልቃል፣ ቶሎም ይፈነዳል። ለዚህ ነው ይሄ ማሽን ጨው የሌለው ውሃ ላይ የማይሠራው።

አሁን ደግሞ ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ያመጣላችሁ ስኪመር። ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሞኝበት እዚህ ነው። እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። እኛ ጋ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ቮልቱን በትራንስፎርመር አስተካክላችሁ "ሠራ" ትላላችሁ። ኸርዙ ግን አልተቀየረም። እነዚህ ትንንሽ ፓምፖች ፍጥነታቸውን የሚይዙት ከኸርዙ ነው፤ ስለዚህ አንድ ስድስተኛ ያህል ቀርፋፋ ሆነው ይሽከረከራሉ። የሚስቡት አየርም ያንሳል። ፓምፑ አልተበላሸም፣ ትራንስፎርመሩም አልበላችሁም። መፍትሄው ለዚያው ሞዴል የተሠራ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ፓምፕ ማስመጣት ነው። ገና ካልተገዛ ደግሞ በአዳፕተር የሚሠራ ዲሲ ፓምፕ ያለውን ምረጡ፤ አዳፕተሩ ላይ "100-240" የሚል ከተጻፈበት ጣጣ የለውም። ዘመድ ከመሳፈሩ በፊት ፎቶ ላኩልኝ በሉት።

ያጉረመርማል፣ ወይም ጭራሽ አይነሳም

መብራት ከመጣ በኋላ እየነዘረ ካልተሽከረከረ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ይዞታል። ፓምፑን ከሶኬት ነቅላችሁ አውጡ። ሽክርክሪቱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ዘንጉ ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ስለሆነ ይሰበራል። ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ በደንብ አለቅልቁት። በሦስት ወር አንዴ ብታደርጉት ይበቃል።

ጥቃቅን አረፋ ወደ ዓሣዎቹ ገንዳ ይገባል

አዲስ ከሆነ ያልፋል። አሮጌ ከሆነ ውሃው ዝቅ ብሎ ወይም መውጫው ለዋናው ፓምፕ በጣም ቀርቦ ነው። መሐላቸው መከፋፈያ መስታወት ወይም ሰፋ ያለ ስፖንጅ ካደረጋችሁ ያልቃል። ስፖንጁን በየሳምንቱ እጠቡት፤ አለዚያ እሱ ራሱ የቆሻሻ ጎተራ ይሆናል።

ሁሉንም አስተካክያለሁ፣ አሁንም አይሆንም

እንግዲያው ልኩ ነው። መጀመሪያ ውሃችሁን አስሉ። 120 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ገንዳ 300 ሊትር ይመጣል። ድንጋዩ፣ አሸዋውና እስከ አፍ አለመሙላቱ ሲቀነስ 250 ገደማ ነው። ሳምፑ ውስጥ 50 ሊትር ካለ ተመልሶ 300 ሆነ። አሁን ካርቶኑን እዩ። እዚያ ላይ "እስከ 500 ሊትር" የሚለው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ዓሣ የተባለ ነው። ዓሣችሁ ብዙ፣ እናንተም ለጋስ መጋቢ ከሆናችሁ ያንን ቁጥር በግማሽ ቁረጡት። ለ300 ሊትር ከ400 እስከ 600 የሚል ስኪመር ለአብዛኛው ሰው ይስማማል።

"ትልቅ ከሆነ ይሻላል" ብሎ የ1,000 ሊትሩን ለሁለት ትንንሽ ክላውንፊሽ ዓሦች የሚገዛ ሰው አለ። እኔም ልገዛ ነበር። ሰፊ አንገት የሚሞላው ብዙ ቆሻሻ ሲኖር ነው። ቆሻሻው ካነሰ አረፋው መሐል መንገድ ላይ እየፈረሰ ይቀራል፣ ባለቤቱም ቫልቩን ሲያዞር ይውላል። ትንሹ ደግሞ በየቀኑ ሞልቶ፣ መስታወቱ ላይ አልጌ ሲበዛና ከቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት ከፍ ሲል ይታወቃል።

ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስኪመሩ ቆሻሻ ከመልቀሙ ሌላ ውሃውን ያስተነፍሳል፤ ስለዚህ ለእኛ ድርብ ሥራ አለው። መብራት ሲጠፋ ዓሣዎቹ ከውሃው አፍ ላይ ተሰብስበው ሲያዛጉ ካያችሁ ነገሩ ይሄ ነው። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቤት ውስጥ አትጥፋ።

ስኪመሩ ደህና ነው፣ ሽሪምፖቹ ግን ሞቱ

ስኪመር ከክፍሉ አየር ይስባል። ቡና ሲቆላ ጭሱን፣ እጣን ሲጨስ እጣኑን፣ ከሰል ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይጠጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የውሃውን ፒኤች ያወርዳል፣ ማለትም ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል፤ ማታ በሩ ተዘግቶ ሲታደር ይብሳል። ከሁሉ የከፋው ግን ፍሊት ነው። የትንኝ መርጫ ውስጥ ያለው መርዝ ትንሽ እንኳ ብትሆን ሽሪምፕና ሸርጣን ይገድላል፣ ዓሣንም አይምርም። ስኪመሩ ደግሞ ያንን አየር ከውሃው ጋር አሳምሮ ያዋህደዋል።

ቤት የሚረጭ ከሆነ ስኪመሩንና የአየር ፓምፑን አጥፉ፣ ገንዳውንና ሳምፑን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ቤቱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ አብሩ። ለዘለቄታው የአየር ቧንቧውን አስረዝማችሁ በመስኮት ወደ ውጭ አውጡት፤ ፒኤቹም ይሻሻላል። ወፈር ያለ ቧንቧ ይሁን፣ ቀጭኑ ሲረዝም አየሩን ያንቃል። የውጭው ጫፍ ወደ ታች ይታጠፍ፤ የጅማ ዝናብ አግድም ነው የሚመጣው። ጫፉ ላይም የመስኮት ወንፊት እሰሩ። የእኔን ጉንዳን ሰፍሮበት አግኝቼዋለሁ።