ኖርማል ስርጭትን ለጥራት ቁጥጥር እንዴት እንጠቀምበታለን? በአንድ ኪሎ ሩዝ እሽግ ሲብራራ

ከፎገራ ሜዳ ተነስቶ በወረታ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰውን ሩዝ በአንድ አንድ ኪሎ እያሸገ የሚያቀርብ አነስተኛ ማሸጊያ ቤት እናስብ። የመሙያ ማሽኑ በብሎን የሚስተካከል ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የሚወርደው ሩዝ ይቀንሳል፣ ሲላላ ይጨምራል። ሠራተኛው ከኪሎ እንዳይጎድል ጥቂት አስበልጦ 1008 ግራም ለመሙላት ይፈልጋል፤ አንድ እሽግ መዝኖ 1003 ግራም ሲሆንበት ብሎኑን ያላላል፤ ቀጣዩ 1013 ሲመጣ መልሶ ያጠብቃል። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲያደርግ ስለሚውል ትጉህ ይመስላል፤ ነገር ግን ልዩነቱን እያሰፋው እንጂ እያጠበበው አይደለም። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳትና ብሎኑ መቼ መነካት እንዳለበት ለመወሰን ኖርማል ስርጭት የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራው ከሚዛን፣ ከካልኩሌተርና ከባለ ካሬ ወረቀት ያለፈ መሣሪያ አይጠይቅም።

ማሽኑ ጨርሶ ባይነካም ሁለት እሽጎች ልክ እኩል አይመዝኑም። የፍሬው መጠን፣ እርጥበቱ፣ በመሙያው ውስጥ ያለው የሩዝ ክምር ከፍታ፣ የመዝጊያው አወራረድ እያንዳንዳቸው ጥቂት ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። እንዲህ ያሉ ብዙ ትናንሽና አንዱ ከሌላው ጋር ያልተያያዙ ምክንያቶች ሲደማመሩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ማጋደላቸው ብርቅ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ክብደቶች በአማካዩ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ከአማካዩ በራቁ ቁጥር ደግሞ በግራም በቀኝም እየሳሱ ይሄዳሉ። ኖርማል ስርጭት የሚባለው ይህ ነው፤ ቅርጹ ደወል ስለሚመስል የደወል ኩርባም ይባላል፤ እዚህ በጣና ገዳማት ተንጠልጥሎ የሚመታው የድንጋይ ደወል ግን ጠፍጣፋ በመሆኑ ለዚህ ምሳሌ አይሆንም። ኩርባውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1733 የሒሳብ ሊቁ አብርሃም ደ ሟቭር አገኘው፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ደግሞ በ1809 የሥነ ፈለክ ልኬት ስህተቶችን ለማስላት ተጠቀመበት።

የመጀመሪያው ሥራ ብሎኑን ሳይነኩ 50 ተከታታይ እሽጎችን መመዘን ነው። ሚዛኑ ቢያንስ እስከ 1 ግራም የሚለይ መሆን አለበት፤ በ5 ግራም እየዘለለ የሚያነብ ሚዛን እዚህ የምንፈልገውን ልዩነት ይውጠዋል። የባዶውን ፕላስቲክ ክብደት አስቀድመው ይቀንሱ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሳው ነፋስ በተከፈተ በር እየገባ ንባቡን እንዳያወዛውዘውም ሚዛኑን ከለል ያለ ቦታ ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ክብደቶቹን በየ2 ግራሙ ከፋፍለው በወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ እሽግ አንድ ካሬ ያጥቁሩ። ብዙዎች ይህን ዘለው ወደ ስሌት ይገባሉ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ የሚናገረው ግን ይህ ሥዕል ነው። አንድ ጉብታ በመሃል ካለና ሁለቱ ጎኖች ተቀራራቢ ከሆኑ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ ይቻላል። ሁለት ጉብታ ከታየ የሁለት ማሽን ወይም የሁለት ፈረቃ ሥራ ተቀላቅሏል። የግራው ጎን በ1000 ላይ እንደ ገደል ከተቆረጠ ደግሞ አንድ ሰው ቀላሎቹን እሽጎች ከመመዘንዎ በፊት ለይቶ አስወግዷቸዋል፤ ቁጥሩም የማሽኑን እውነተኛ ጠባይ አይናገርም። ሁሉም ነገር የደወል ቅርጽ አለው ብሎ ማሰብም ስህተት ነው፤ አምባዛና ቆሮሶ፣ ትልቅና ትንሽ የተቀላቀለበት የአንድ ቀን የዓሣ ምርት ክብደት ይህን ቅርጽ አይከተልም።

ከዚያ አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን፣ በአጭሩ ሲግማውን፣ ያስሉ፤ ሲግማ ክብደቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካ ቁጥር ነው። አሠራሩን በአምስት እሽጎች ብናየው፦ 1003፣ 1006፣ 1008፣ 1010 እና 1013 ተደምረው ለ5 ሲካፈሉ አማካዩ 1008 ይሆናል። ከአማካዩ ያላቸው ርቀት 5፣ 2፣ 0፣ 2 እና 5 ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 58 ይመጣል። ይህን ከእሽጎቹ ብዛት አንድ በመቀነስ ለ4 እናካፍላለን፤ 14.5 ይሆናል፤ ካሬ ሥሩም 3.8 ግራም ገደማ ነው። ለ50ዎቹ ሥራውን ኤክሴል ይሠራልዎታል። አማካዩ 1008፣ ሲግማው 4 ግራም ወጣ እንበል።

አሁን ኩርባው ማገልገል ይጀምራል። ስርጭቱ ኖርማል ከሆነ ከ100 እሽግ 68ቱ ያህል በአንድ ሲግማ ርቀት፣ ማለትም በ1004 እና በ1012 መካከል፣ 95ቱ ያህል በሁለት ሲግማ፣ በ1000 እና በ1016 መካከል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ማለትም 99.7 በመቶው፣ በሦስት ሲግማ፣ በ996 እና በ1020 መካከል ይውላሉ። 1000 ግራም ከአማካዩ ሁለት ሲግማ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ከ1000 እሽግ ወደ 23 የሚሆኑት ከኪሎ ያነሱ ናቸው። አማካዩን ወደ 1012 ከፍ ብናደርገው የጎደሉት ከ1000 አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይሆናሉ፤ ዋጋው ግን በየ1000 እሽጉ 4 ኪሎ ሩዝ በነጻ መስጠት ነው። ሲግማውን ከ4 ወደ 2.7 ዝቅ ማድረግ፣ ለምሳሌ በመሙያው ውስጥ ያለው ሩዝ ከፍታው እንዳይዋዥቅ መጠበቅ፣ ተመሳሳይ ውጤት ያለ ተጨማሪ ሩዝ ያመጣል። እኔ ሁልጊዜ ከዚህኛው መጀመርን እመርጣለሁ።

በመጨረሻ የቁጥጥር ቻርት ይዘጋጃል። ይህን ዘዴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ያቀረበው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋልተር ሹዋርት ነው። በየሰዓቱ አራት ተከታታይ እሽጎችን መዝነው አማካያቸውን በነጥብ ያስቀምጡ። ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው ስለሚካካሱ የአራት እሽግ አማካይ ሲግማ 4 ለ2፣ የ4 ካሬ ሥር፣ ተካፍሎ 2 ግራም ይሆናል፤ ስለዚህ መሃሉን መስመር በ1008፣ ወሰኖቹን በሦስት ሲግማ ርቀት በ1002 እና በ1014 ያስምሩ። በአራቱ እሽጎች መካከል ያለው የትልቁና የትንሹ ልዩነትም ለብቻው ይመዝገብ፤ ከ19 ግራም ከበለጠ መዋዠቁ ራሱ ጨምሯል ማለት ነው። በአማካዮች ቻርት ላይ የ1000 ግራም መስመር አያስገቡ፤ እሱ ለገዢው የተገባ ቃል ነው፣ ወሰኖቹ ደግሞ የማሽኑ ጠባይ ናቸው።

ወደ ሠራተኛው ስንመለስ፣ 1003 እና 1013 ሁለቱም በሦስት ሲግማ ውስጥ ስለሚገኙ ማሽኑ እንደተለወጠ አያሳዩም። በእያንዳንዱ እሽግ ብሎኑን ሲያዞር ያለፈውን እሽግ ድንገተኛ ልዩነት በሚቀጥለው ላይ ይጭንበታል፤ ያለፈውን ልዩነት በሙሉ ባካካሰ ቁጥር የሁለቱ እሽጎች ሲግማ ካሬ፣ ማለትም 4 በ4፣ ይደመራል፤ 16 ሲደመር 16፣ 32 ይሆናል፣ ሲግማውም ከ4 ወደ 5.7፣ የ32 ካሬ ሥር፣ ያድጋል። ብሎኑ የሚነካው ነጥብ ከወሰን ሲወጣ ወይም ስምንት ተከታታይ ነጥቦች በመሃሉ መስመር አንድ ወገን ሲደረደሩ ነው። ያን ጊዜም አስቀድመው የተለወጠውን ይፈልጉ፦ አዲስ ጆንያ ተከፍቷል? መሙያው ጎድሏል? ሚዛኑ ከቦታው ተነስቷል? ያገኙትን ከነሰዓቱ በነጥቡ አጠገብ ይጻፉ፤ ምክንያቱ የማሽኑ አቀማመጥ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ብሎኑን ያዙሩ።